በጁምዓ ሰዓት የሸጥኩት መረብ

ነገሩ የሆነው ዓምና፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዛሬም ዓሣ በቀረበበት ማዕድ ሁሉ አንድ የጎርጎራ ሰው ትዝ ይለኛል። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ነው የተለያየነው።

ያደግኩት አዳማ ነው። ባሕር ዳር የመጣሁት በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ሲሆን፣ ገበያው አጠገብ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ገመድ፣ ሸራና የዓሣ መረብ ይሸጣሉ። አርብ አርብ ለጁምዓ ሲሄዱ ሱቃቸውን ለእኔ ይተዉልኛል፤ እኔም ለንግሥ ስሄድ የኔን ለሳቸው። እሳቸው ማሽኑ ላይ ወረቀት መሙላት ሁሉ ተምረዋል። እኔ ግን ስለ መረብ የማውቀው ዓሣ እንደሚይዝ ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት የመረቡን ዋጋ ነገሩኝና "ከዚህ በታች እንዳትወርጂ" ብለውኝ ወደ መስጊድ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠና ያለ ሰው ገብቶ በር ላይ ለናሙና የተንጠለጠለውን መረብ ያገላብጥ ጀመር። ከዚያ ክርክር ገጠምን። ሰውየው በዋጋ ነገር የሚበገር አይደለም። ወጥቶ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። በልቤ "እንዲህ ያለ ገብጋባ አይቼ አላውቅም" እያልኩ፣ በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ አትውረጂ ያሉኝ ዋጋ ላይ አድርሶኝ ተስማማን።

ከመደርደሪያው ስር በጥቁር ላስቲክ ተጠቅጥቆ የታሰረ ጥቅል ጎትቼ ሰጠሁት። አነሳና "ምነው ከበደሳ?" አለኝ።

"ክሩ ወፍራም ስለሆነ ነው" አልኩት፣ የመረብ ፋብሪካ ያለኝ ይመስል። አምኖኝ ተሸክሞ ወጣ። ጋሽ ሰይድ መጥተው እስክነግራቸው ቸኮልኩ።

ሲመለሱ ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ደስ አላቸው። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ከመደርደሪያው ስር አዩና "ጥቅሉን እንዳለ ሰጠሽው?" አሉኝ። ለካ ጥቅሉ ውስጥ ያሉት መረቦች ብዙ ናቸው፤ እየተፈታ አንድ አንዱ ነው የሚሸጠው። እኔ በአንዱ ዋጋ ሙሉውን አሸክሜ ሸኝቻለሁ። ጾሙ ሲገባ ዓሣ በደንብ ስለሚፈለግ የመረብም ገበያ ይደራል፤ ለዚያ ገበያ የቀራቸው ደግሞ ያ ጥቅል ብቻ ነበር።

"እኔ እከፍላለሁ" አልኳቸው፤ ከየት እንደማመጣው ግን አላውቅም።

"ተይው ልጄ። ፈትቼ ያላሳየሁሽ እኔ ነኝ ጥፋተኛው" ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዘመድ በሌለኝ ከተማ እንደ ልጃቸው የያዙኝ ሰው ናቸው፤ ከእንግዲህ ሱቁን አደራ የሚሉኝ አልመሰለኝም። ወደ ሱቄ ገብቼ አለቀስኩ።

ፊቴን ሳልታጠብ ነው የሰውየውን ድምፅ የሰማሁት። ወጥቼ ሳይ ጥቅሉን በትከሻው እንደተሸከመ ጋሽ ሰይድ በር ላይ ቆሟል፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል።

"እቴ፣ ምን ጉድ ነው ያሸከምሽኝ?" አለኝ። "ወደቡ ላይ ደርሼ ስፈታው መረብ በመረብ ላይ ሆነብኝ። ባልንጀራዬማ 'እግዜር ሰጠን፣ ጭነን እንሂድ' ብሎኝ ነበር። እግዜር ሊሰጠኝ ቢያስብ ካንቺ ደብቆ አይሰጠኝም አልሁት።"

ባልንጀራው በጀልባው ሄዷል፤ እሱን ጀልባው አምልጦታል። አሁን በመኪና ሐይቁን ዞሮ በቆላ ድባ በኩል ነው ጎርጎራ የሚገባው። ጋሽ ሰይድ እጁን ይዘው ይመርቁት ጀመር። እኔም ያለኝን ብር አውጥቼ "ለመሳፈሪያ ይሁንዎ" ብዬ ዘረጋሁለት።

እጄን መለሰው። "ተከራክሬ ያስቀነስሁት ይበቃኛል፤ እሱ የኔ ነው" አለ። "ሳታውቂ የሰጠሽኝ ግን የኔ አይደለም።" የገዛትን አንዷን መረብ ብብቱ ስር አድርጎ ባጃጅ ፍለጋ ሄደ። ገብጋባ ያልኩት ሰው ይህ ነው። ከጀርባው እያየሁት አፈርኩ፤ ከሐፍረቴ ይልቅ ግን ደስታዬ በለጠ።

በቀጣዩ አርብ ጋሽ ሰይድ እንደ ወትሮው "ሱቁን አደራ" ብለውኝ ሲሄዱ፣ ያን ሰው ደጋግሜ አመሰገንኩት። አሁን ጥቅል ፈትቼ መሸጥ ተምሬአለሁ። በዋጋ የሚያደርቀኝ ሰው ሲመጣም እንደ ድሮው አልናደድም።

ያ የጎርጎራ ሰው ይህን ቢያነብ ወይም ቢነበብለት፣ ዛሬም በጁምዓ ሰዓት ሱቁን የምጠብቀው እኔ መሆኔን ይወቅልኝ። ይምጣና እስኪበቃው ይከራከረኝ።