አሲያ የከለከለችው መጽሐፍ

አሲያ ሱሌማን ደባርቅ ተወልዳ፣ ደባርቅ አድጋ፣ እዚያው ደባርቅ አሥራ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት ናት። አባቷ ገበያ ላይ አቡጀዴና ነጠላ ይሸጡ ስለነበር ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «የሱሌማን ልጅ» እንጂ በስሟ አይጠራትም። ክፍል ውስጥ ደህና አስተማሪ ነበረች። የጠመኔው ብናኝ ሳይነሷን እየቀሰቀሰ ድምፅ ሲያሳጣት ግን ርዕሰ መምህሩ ደርቤ አዝኖላት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አዛወራት። መምህራኑ «አሲያ ያለ ዕድሜዋ ጡረታ ወጣች» እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷም እንዳታፍር ቤቱን አሳመረችው። መጻሕፍቱን በየዓይነታቸው ለየች፣ አቧራቸውን አራገፈች፣ ሁለቱን የብረት ቁም ሣጥኖች ቆልፋ ቁልፋቸውን በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው መጽሐፍ ጠፍቶበት ከሥራ ታግዶ ነበርና፣ በእኔ ዘመን አንዲት ቅጠል አትጎድልም ብላ ነው የተረከበችው። አልጎደለችምም።

በዚያን ጊዜ ናዝራዊት የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አገሯ አምባራስ የሚባል ሩቅ የገጠር ቀበሌ ነው። ደባርቅ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከቤት በሚላክላት ስንቅ ነበር የምትማረው። ዕረፍት ሲደወል ሌላው ወደ ሜዳ ሲሮጥ እሷ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ትሮጣለች። የምትፈልገው ሁልጊዜ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ሰው አካል የሚያስረዳ፣ ባለ ቀለም ሥዕል ያለው። የልብ ሥዕል ያለበትን ገጽ ገልጣ በእርሳስ ደብተሯ ላይ ትገለብጠዋለች። ሁልጊዜም ሳትጨርስ ይደወላል።

አንድ ዓርብ ቀን ልጆቹ ሁሉ ወጥተው እሷ ወደ ኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ልውሰደው? ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማ በፊት አመጣዋለሁ።»

«አይወጣም። የመንግሥት ንብረት ነው።»

«እጠነቀቅለታለሁ፤ በፌስታል እጠቀልለዋለሁ።»

«ስሚ ናዝራዊት፣ አንቺ የሩቅ ልጅ ነሽ። ነገ ብትጠፊ ማንን ልይዝ ነው?»

ልጅቱ መጽሐፉን በሁለት እጇ አድርጋ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ መምጣቷ እየሳሳ ሄደ። ለገና ወደ አገሯ እንደወጣችም አልተመለሰችም። ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ትምህርት የሚያቋርጥ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋምና አሲያ ነገሬ አላለችውም።

ዓመት አለፈ። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን የሚደግፍ አንድ ድርጅት ከየወረዳው አንዳንድ መምህር መርጦ ለዐሥር ቀን ኬንያ ወስዶ ሊያስጎበኝ ሆነ። ከደባርቅ አሲያ ተመረጠች። በደብዳቤው ላይ «በንብረት አያያዟ ምሳሌ የሆነች» የሚል ቃል ሰፍሮላት ነበር። ባሏ ሙሰዓብ «አላህ የሰጠሽን እኔ ልንፈግሽ?» ብሎ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኛት። እሷ በሐሳቧ ፎቅና ኮምፒውተር ነበር የምታየው።

በሦስተኛው ቀን ከኪሱሙ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ወሰዷቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ድሮ የበቆሎ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል። ከእንጨት የተሠራው መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነው። ያሉት መጻሕፍትም ጠርዛቸው ተበልቷል፣ ጀርባቸው በማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቷል። አሲያ በልቧ «የኔው ይሻላል» አለች፤ ደስም አላት። ቤቱን የምትጠብቀው አኪኒ የምትባል ደልደል ያለች ሳቂታ ሴት ናት። አሲያ ባላት እንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

«ሌሎቹ መጻሕፍት የት ሄዱ?»

«ቤት ናቸው፤ ልጆቹ ዘንድ።»

«ሳይመልሱ ቢቀሩስ?»

«ይቀራሉ እንጂ! ባለፈው ዓመት ሠላሳ ያህል ቀሩ። አንዱን ፍየል በላው። የተዋሰችው ልጅ እያለቀሰች ፍየሏን ጎትታ አመጣችልኝ።»

እንግዶቹ ሳቁ። አኪኒም አብራቸው ስቃ፣ እጇን መደርደሪያው ላይ አሳርፋ ቀጠለች፤ «መጽሐፍ ሲጠፋብኝ ሌላ እለምናለሁ። ልጅ ስትቀርብኝ ማንን እለምናለሁ?»

አሲያ አልሳቀችም። «ማንን ልይዝ ነው» ያለችው የገዛ ድምፅዋ ጆሮዋ ላይ መጣባት። መጽሐፉን በሁለት እጇ የመለሰችላት ልጅ ፊቷ ላይ ቆመች። ስሟን ልትጠራ ብትል ጠፋባት። ይኸው የስሙ መጥፋት ነው ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጣት። ናዝራዊት የሚለው ስም ትዝ ያላት መኪና ውስጥ ገብተው ከተማው ሲቃረብ ነው። በቀሩት ቀናት እንደ ጓደኞቿ ማስታወሻ ያዘች፣ ፎቶ ተነሣች፤ ሐሳቧ ግን ናዝራዊት ዘንድ ነበር።

ደባርቅ በገባች በማግስቱ ደርቤ ቢሮ ሄደች።

«መጻሕፍቱን ለልጆቹ ላውስ ነው» አለችው።

«አሲያ፣ እዚያ ያየሽው የእነሱ ነው። እዚህ ነገ ቆጠራ ቢመጣ የምንጠየቀው እኔና አንቺ ነን።»

«እኔ ብቻ ልጠየቅ። ጽፌ ልፈርምልህ።»

አስፈረማት። ሦስት ሳምንት ልጆች እየተጋፉ ወሰዱ፣ መለሱ፣ ደግመው ወሰዱ። በአራተኛው ሳምንት በአካባቢው የተነሣው ጦርነት ተኩሱ እየቀረበ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ብዙው ቤተሰብ ልጁን ይዞ ወዳመቸው ሲሸሽ መጻሕፍቱም አብረው ሄዱ። ባዶ በቀሩት ክፍሎች ከየገጠሩ የመጡ ተፈናቃዮች ሰፈሩ። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ገባ፤ አንደኛዋ እናት አራስ ነበረች። ለአራሷ መኝታ ቦታ እንዲገኝ ቁም ሣጥኖቹን ወደ ጥግ የገፋችው አሲያ ራሷ ናት።

ሥራ ሲጠፋ ጊዜው ለሐሳብ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እየሄደች «የአምባራስ ሰው አለ?» ማለት ጀመረች። በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ጉሙ ከሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ገበያውን በሸፈነበት ጠዋት፣ ገብስ ይዘው የተቀመጡ አንዲት ሴት አሳዩዋት። ወይዘሮ ፋንታዬ ይባላሉ፤ የናዝራዊት እናት ናቸው። አሲያ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«የልጅዎ አስተማሪ ነበርኩ።»

የሴትዮዋ ፊት በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «ወሬዋን ሰምተው መጡ?»

«የለም። ደህና ናት ወይ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ፋንታዬ ገብሱን በመዳፋቸው እያገላበጡ ነገሯት። «አባቷን ልቡን ያመው ነበር። ጎንደር ብናወጣው የልብህ በር ጠቧል አሉት። እሷ ከዚህ ሥላ ታመጣለች። ይኸውልህ አባዬ፣ እዚህ ጋ ነው የጠበበው፣ እያለች ታስረዳዋለች። ሥዕሉ ግማሽ ነው። የቀረውሳ ቢላት፣ መጽሐፉን አምጥቼ አሳይሃለሁ አለችው። ለገና ባዶ እጇን መጣች። እሱም በጥምቀት ማግስት ዐረፈ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት አስጠላኝ አለች። ከጓደኞቿ ጋር በመተማ አድርጋ ሱዳን ገባች። እዚያም ጦርነት ተነሣ። ይኸው ድምፅዋን አልሰማሁም።»

አሲያ «መጽሐፉን ለምናኝ ነበር» አለች፤ «ከለከልኳት።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አተኩረው አዩዋት።

«መጽሐፍ በሽታ አይፈውስም፣ እመቤቴ» አሉ በመጨረሻ። «ሕጉ እንዲያ ከሆነ እርስዎ ምን ያድርጉ።»

ገብስ የሚጠይቅ ሰው መጣና ወደዚያ ዞሩ። ቢረግሟት ይሻላት ነበር። አሲያ ሰውየው እስኪሄድ ጠብቃ የስልክ ቁጥሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። «ከደወለች ይህን ይስጧት፤ እኔም ዘንድ ትደውል» አለቻቸው። ወረቀቱን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ከዚያ በኋላ በውጊያው ምክንያት መንገዱ ተዘጋ። የአምባራስ ሰው ወደ ገበያ መውጣቱን አቆመ። ኔትወርክም አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። የማታውቀው ቁጥር ሲጠራ አሲያ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። እስካሁን የደወለላት ወደ ዳባት የሸሸ አንድ የተማሪ አባት ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቱ መቼ ይከፈታል ብሎ። አላውቅም አለችው።