የመረጥኩት ማኒፎልድ

እኔ ነገር ቶሎ የሚገባኝ ይመስለኛል። ሰው ጀምሮ ሳይጨርስ ልጨርስለት እፈልጋለሁ። ይህ ጠባዬ አንዳንድ ቦታ ጠቅሞኛል፤ አንድ ጊዜ ግን ሰው ጎድቶብኛል፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ቤታችን ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ሲያርፉ አንዲት አሮጌ የቤንዚን ጭነት መኪና ተዉልኝ፤ ዛሬ የማይገኝ ባለ ካርቡራተር ሞተር ያላት። እህል ጭኜባት ደባርቅ እገባለሁ፣ አንዳንዴም ሊማሊሞን ወርጄ እስከ ዛሪማ እዘልቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የቃሬዛ ማኅበሩ መኪና ናት። በእኛ አገር ሰው ሕመም ሲጠናበት ወይም ሴት ምጥ ሲበረታባት፣ ከገደሉ ሥር ካሉት መንደሮች በቃሬዛ ተሸክመን ነው መንገድ የምናወጣው። ማኅበር አለን፤ ወንድ ሁሉ የሸክም ተራ አለው። አባቴ ብቻ ተራ አልነበራቸውም። ተሸካሚዎቹ ቤታችን ድረስ ያመጣሉ፣ እሳቸው ተቀብለው ሆስፒታል ያደርሳሉ፣ ተሸካሚዎቹም ባዶ ቃሬዛቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። መኪናዋን ስወርስ ይህንንም አብሬ ወረስኩ። በትከሻዬ ሰው ተሸክሜ አላውቅም ነበር። እንዲያውም ትንሽ እኮራበት ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ዓመት በጥቅምት የመኪናዋ ማኒፎልድ ተሰነጠቀ። ካርቡራተሩ የሚቀመጥበት፣ አየርና ቤንዚኑን ተቀብሎ ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ብረት ነው። ደባርቅ ያሉት መካኒክ፣ የአባቴ የዕድሜ ልክ ወዳጅ፣ ሁለት ጊዜ አስበየዱት፤ አልያዘም።

«ዳባት ቆማ የቀረች አንዲት የሷ ቢጤ አለች» አሉኝ። «ሞተሯ ላይ ብረቱ ደህና ነው። ሂድና ንቀለው።»

ሄድኩ። መኪናዋ ከአንድ አጥር ጥግ ቆማለች፤ ኮፈኗ የለም፤ ማኒፎልዱ ዝጎ፣ በአሮጌ ዘይት ጠቁሮ፣ ዶሮ ሰፍራበታለች። ለዚህ ነው እንዴ ዳባት ድረስ የላኩኝ ብዬ ተናደድኩ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ጎንደር ገባሁ። እዚያ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ከውጭ የመጣ አዲስ አየሁ፤ የመኪናዋ ፋብሪካ የሠራው አይደለም፣ ግን ይገጥማታል። አልሙኒየም ነው፣ ቀላል፣ የሚያበራ፣ ቧንቧዎቹ ሰፋፊ። ሻጩ «ይኼ ሞተሩን በደንብ ያስተነፍሰዋል፣ ጉልበት ይጨምራል» አለኝ። ዐይኔ ከሱ ላይ አልነሳ አለ፤ ገዛሁት።

መካኒኩ ተቀበሉኝና ገለበጡት። በጣታቸው ሥሩን ዳሰሱ።

«ከሥሩ ምንም የለውም» አሉ። «የቀድሞው በጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ ይሞቅ ነበር። እኛ ብርድ አገር ነን፤ ቤንዚኑ ካልሞቀ ሲሊንደሩ ሳይደርስ ይቀራል። ቧንቧውም ሰፊ ነው፤ ለሚሮጥ መኪና ነው የተሠራ። ያንተዋ ሥራዋ ሩጫ አይደለም። ተሸክማ ቀስ ብላ ዳገት መውጣት ነው።»

«አዲስ እኮ ነው» አልኳቸው።

«አዲስነቱንስ አየሁት።»

ንግግራቸው ከነከነኝ። «አንቱ የለመዱትን ብቻ ነው የሚወዱት» አልኳቸው። በአባቴ ወዳጅ ላይ እንዲህ መናገር ነውር መሆኑን አላጣሁትም። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«እገጥምልሃለሁ። ማለዳ፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ ጭነህ ሞክራት። ከዚያ ትነግረኛለህ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከገጠሙልኝ በኋላ እኩለ ቀን ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶዋን በሜዳው መንገድ ዳባት ደርሼ ተመለስኩባት። በረረች። በጋራዣቸው በር ሳልፍ ጥሩምባ ነፋሁ፤ እጃቸውን አነሱልኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ታንገራግር ጀመር። ይህን አውቅ ነበር። ፀሐይ እስኪያገኛት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ እህል አይቸኩል። ይለመዳል አልኩ፤ ማን እንደሚለምደው እንጃ።

በኅዳር አንድ ማለዳ ቃሬዛ መጣ። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን የሆናት ሴት ናት። ስምንት ሆነው ተሸክመዋት ነበር፣ ባሏ ከፊት። ገለባ ከነጠፍኩበት ጭነት ቦታ ላይ አስተኛናት፤ ባሏ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ወረዱ። ሞተሩ እንደ ምንም ተነሳ። ከቤታችን በላይ ያለችውን ትንሽ ዳገት ስንጀምር ተንቀጠቀጠና ጠፋ። እንደገና አስነሳሁት፤ ጠፋ። እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታሁ፣ በቤንዚን ርሰዋል። አድርቄ መለስኳቸው፤ እንደገና ያው። እጄን ማኒፎልዱ ላይ አሳረፍኩ። እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛል።

ሴትዮዋ መጮኽ አቁማ ነበር። ባሏ ወርዶ ገደሉ አፍ ላይ ቆመና ተሸካሚዎቹን ተጣራ። ደጋግሞ ተጣራ። ሩቅ ወርደው ስለነበር ያንን ሁሉ አቀበት እስኪመለሱ ድረስ ፀሐይ ወጣች። ከመኪናዬ ላይ አወረዷት፤ ደባርቅ ድረስ በትከሻቸው ወሰዷት። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ባሏ አንድ ጊዜ እንኳን ዞሮ አላየኝም።

እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ያለን ሰው የለም፤ እኔ ግን ለራሴ አልኩት።

ልቅሶ ስደርስ ሁሉም የእግዜር ሥራ ነው አሉኝ፤ ቦታ ለቀቁልኝ፤ እህል አቀረቡልኝ። እህሉን ሳልነካ ተነሳሁ። በማግስቱ ዳባት ሄጄ ያንን የዛገ ብረት ነቀልኩት፤ በናፍጣ አጥቤ፣ በሽቦ ፈግፍጌ ለመካኒኩ ወሰድኩላቸው። ሲገጥሙት «ብዬህ ነበር» አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ማለዳ ውርጩ መስታወቷ ላይ እያለ አስነሳኋት። ሙሉ ጭነት ይዛ ዳገቱን ወጣች።

ከዚያ ወደ ማኅበሩ ዳኛ ሄጄ የሸክም ተራ ስጡኝ አልኳቸው።

«መኪናህ አለች አይደለም እንዴ?»

«ሁለቱንም ላድርግ።»

ተራ ሰጡኝ። ትከሻዬ እስኪለምድ ሦስት ጊዜ ተላጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ውርጫም ማለዳ ያችው ሴት እንደገና ምጥ ያዛት። ተራው የእኔ ነበር። ባሏ በአንደኛው ጫፍ፣ እኔ በሌላኛው ሆነን አቀበቱን አወጣናት። መኪናዋ ዘንድ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ትነሳለች?»

«ትነሳለች» አልኳት።

ገብቼ ቁልፉን አዞርኩት። ባንዴ ተነሳች፤ ድምፅዋም አልተቆራረጠም። ሴትዮዋን አስተኝተን ተሸካሚዎቹ ባዶውን ቃሬዛ አንስተው ሊመለሱ ሲሉ፣ ከላይ ሆና ቀስ ብላ ተናገረች።

«ቃሬዛውን አብራችሁ ጫኑት። እናንተም ተሳፈሩ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ቢሆንም የኋላውን በር ከፈትኩላቸው፤ ቃሬዛውን ከጎኗ አስቀምጠው ተሳፈሩ። ሞተሩ ሆስፒታሉ በር እስክንደርስ አንድም ጊዜ አላመነታም። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ በር የሚመለስ ተሸካሚ የለም። መኪናዋ እስከ ዛሬ ዳገት ላይ ጠፍታብኝ አታውቅም። ቃሬዛው ግን አሁንም አብሮ ይጫናል።