እርስ በርስ «ይቅደሙ» የተባባሉት ቢልዶች

አዳማ ቢሯችን ውስጥ ሦስት ሰዎች ነን። የምንሠራው የክሊኒኮች የቀጠሮ ፕሮግራም ነው። ኮድ በላክን ቁጥር ጥግ ላይ ያለችው አንዲት ኮምፒውተር ትገጣጥመዋለች፣ ትፈትነዋለች፤ ይህን ቢልድ እንለዋለን። ጣጣው፣ አንዱን ኮድ ሁለቴ መገጣጠሟ ነበር፦ አንዴ ብራንች በምንለው የየራሳችን የኮድ ቅጂ ላይ ስንልከው፣ አንዴ ደግሞ ከዋናው ጋር ይቀላቀል ብለን ስንጠይቅ። ወረፋው ረዘመ፣ ማስተካከያ የዘገየባቸው ክሊኒኮችም አማረሩ።

አለቃችን ከአዲስ አበባ ደወለ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ቢሮውን ዘግቼ እዚህ መጥታችሁ ትሠራላችሁ።»

ደሜ ፈላ። አባቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም የለውም። ስነግረው ግን እሱ ከእኔ ብሶ ተቆጣ። «ሂጂ እንጂ! እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ ጮኸብኝ። እውነት ለመናገር ቅር አለኝ፤ ትንሽ እንኳ «ቅሪ» ቢለኝ ምን ነበረበት?

ስክሪፕት የምንለውን አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቢልዱ ሲነሳ ዙሪያውን ያያል፤ ያንኑ ኮድ የያዘ ሌላ ቢልድ ካለ ራሱን ያቆማል። በኩራት ለቀቅኩት። ሁለቱም ቆሙ። ደገምኩ፤ አሁንም ሁለቱም ቆሙ። የሥራ ጓደኞቼ «ቅንድብ ላበጅ ብለሽ ዓይን አጠፋሽ» እያሉ ሳቁብኝ። እኔ ግን የወሩን መጨረሻ እየቆጠርኩ ነበር፤ ሳቁ አልመጣልኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሊጠይቁን መጡ። አባቴ በዱላው ተደግፎ በሩ ላይ ተቀበላቸው።

«ይግቡ።»

«ሂን ተኡ! አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በጌታ፣ ይግቡ እንጂ!»

ሁለቱም አልገቡም። ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው፤ አንዱም እግሩን አላነሳም። በመጨረሻ አባቴ ተናደደ። «ታላቅ እርስዎ አይደሉም? ታላቅ ይቀድማል፣ አለቀ!»

ጎረቤታችን ገቡ። እኔ በረንዳው ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የኔዎቹ ቢልዶችም ለካ ተከባብረው ነው ደጅ የቀሩት! እያንዳንዱ ሌላውን ሲያይ ይቆማል፤ ታላቁ ማን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

ቢልዶች እንደ አነሳሳቸው ቅደም ተከተል ተራ ቁጥር አላቸው። ሰኞ ጠዋት አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ቁጥሩ ያነሰው ታላቅ ነው፣ ይቀጥል፤ ታናሹ ይቁም። ላክሁ። አንዱ ቆመ፣ አንዱ እስከ መጨረሻው ሄዶ አረንጓዴ በራ። አሥር ጊዜ ሞከርኩት፤ አሥሩንም ጊዜ ሠራ። እፎይ! ወረፋው በዚያው ሳምንት ጠፋ፣ አለቃችንም ቢሮው እንደማይዘጋ ነገረን።

የዚያን ዕለት ማታ ለአባቴ አበሰርኩት። «እንደፈለግሽ» አለኝና ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስወጣ ጎረቤታችን መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «እንኳን ቀረሽልን ልጄ» አሉኝ። «አባትሽ እንዳትሄጂበት ሦስት ቀን ጾሞ ጸልዮአል እኮ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።»