የራየን እናት ሽኝት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰሚራ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ትምህርት ቤቷ በየማለዳው የሚነበበውን ቃል በእንግሊዝኛ በቃሏ ትልልኝ ጀመር። ቶሮንቶ የቆመችበት መሬት የነባሮቹ ሕዝቦች መሆኑን የሚናገር ነው።

«ታዲያ ሰዎቹ የት ሄዱ?» አልኳት።

«እማማ! ዴይ አር ስቲል ሂር! ዛሬም እዚሁ ናቸው!» ብላ ሳቀችብኝ።

እሷ ስትስቅ እኔን ራየን ትዝ አለችኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በሱዳን አድርጌ እዚህ ስገባ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ስፓዳይና መንገድ ላይ ባለ የልብስ ፋብሪካ ዚፕ እሰፋለሁ። ከጎኔ ባለው የስፌት መኪና የምትሠራው ከቺሊ የመጣች ሴት፣ ራየን ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ በቋንቋዋ «ላምንገን» ትለኛለች፣ እህቴ ማለት ነው። ስፓኒሽ አይደለም። እሷ ማፑቼ ነበረች። ስፔኖች ሳይመጡ በፊት ጀምሮ እዚያ አገር የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውም የመሬት ሰዎች ማለት ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንዴት እንደምንግባባ አላህ ነው የሚያውቀው። ምሳ ላይ በጭስ የደረቀ በርበሬዋን የተቀቀለ ድንች ላይ ትነሰንስና የኔን በርበሬ ትቀምሳለች።

«ያንቺ ማቃጠል ብቻ ነው፣ ሽታ የለውም» ትለኛለች።

«ያንቺ ደግሞ ሽታ ብቻ!» እላታለሁ።

የተሰደደችው ወታደሮች ባሏን ከወሰዱባት በኋላ ነው። ፓስፖርቷ ላይ አገሯ እንዳትገባ የሚከለክል አንድ ፊደል ተመቶበታል።

ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ መንገዱ ሁሉ ጨውና ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ካገሯ ስልክ ተደወለላት። እናቷ ሞተዋል። ኀዘኑ ብቻውን አልመጣም። የወታደሮቹ መንግሥት ባወጣው ሕግ የማፑቼዎች የጋራ መሬት በየሰዉ እየተሸነሸነ ነበር። ቀያሾቹ ሲመጡ መሬቱ ላይ የተገኘ ድርሻ ይሰጠዋል፤ የተሰደደ፣ የታሰረ፣ በምንም ምክንያት የሌለ ሰው ግን ይቀርበታል። ከዚያ በኋላ መሬቱም የማፑቼ መሬት አይባልም። የእነ ራየንን መሬት ይዘው የቆዩት እናቷ ብቻ ነበሩ። የኔም አባት ወሎ ከቀያቸው ተነስተው በሰፈራ የት እንደተወሰዱ ገና አልሰማንም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ፋጡማን አዝዬ፣ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ከኛ ፎቅ ማዶ ወዳለው ቤቷ ለቅሶ ሄድኩ። ዝም ብዬ አጠገቧ ልቀመጥ ስል ከልክላ ፊት ለፊቷ አቆመችኝ።

«እኛ አገር ሰው ሲሞት ሁለት ሰው ተያይቶ ይቆምና ሕይወቱን ያወራል። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይጠይቃል። ካልተነገረለት ሟች መንገዱን አያገኝም።»

«እኔ እናትሽን የት አውቃቸዋለሁ፣ እትዬ?»

«ስለማታውቂያት በደንብ ትጠይቂያለሽ።»

ጀመረች። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ የሚያይ ቤት ውስጥ መወለዳቸውን፤ ጎረቤት ያለው ባለርስት አጥሩን እየገፋ ሲመጣ አባታቸው መልሰው ሲተክሉ ማየታቸውን፤ ሽመና ማወቃቸውን ነገረችኝ። ገበያ ላይ ከሲታዋን ዶሮ ከወፍራሟ ሥር ደብቀው እንደሚሸጡም ስትነግረኝ ሳቄን በነጠላዬ ያዝኩ። ቀጥላ፣ ልጆቻቸው በቋንቋቸው ሲያወሩ በሰሙ ቁጥር በልምጭ ይገርፏቸው እንደነበር ተናገረች። ትምህርት ቤት እንዳይዋረዱ ብለው ነው።

ደነገጥኩ። «ኧረ ተይ እትዬ፣ ሙት ናቸው! ደግ ደጉን አንሺ እንጂ።»

ተቆጣች። «ጥፋቷን ከደበቅሁባት የምሸኘው ሌላ ሴትዮ ነው!»

እኛ ዘንድ የሟች ክፉ አይነሳም። ግን ሥራዬ መጠየቅ ነው ብላለችና መጠየቄን ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻ ሕመማቸው ደረስን።

«አሁንስ ቤቱ ውስጥ ማን አለ?» አልኳት።

ፋጡማ ጀርባዬ ላይ ተነጫነጨች።

«ማንም» አለች ራየን፤ መስኮቱን ዞራ አየች። «እሄዳለሁ።»

«ይይዙሻል! ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን ረሳሽው?»

«በአርጀንቲና በኩል ነው የምገባው። ከድንበሩ ተራራ ወዲያም ወዲህም ዘመዶች አሉን።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ዘመዶቿ ይሂዱላት፣ ነገሩ እስኪበርድ ትቆይ፣ ያልኳትን ሁሉ አልሰማችኝም። እዚህ በረዶው ሲቀልጥ እዚያ ብርዱ እየገባ ነው፤ የተራራው መተላለፊያ በበረዶ ሳይዘጋ መድረስ አለባት። በሚቀጥለው ወር የስፌት መኪናዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀመጠች።

ወሬውን ያመጣልኝ በፋብሪካው ልብስ የሚተኩስ የአገሯ ሰው ነው። ከነካውያው ቆሞ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ራየን ደርሳ ነበር። ቤቱን ጠርጋ፣ እሳት አንድዳ፣ ቀያሾቹን ስትጠብቅ ወታደሮች ቀድመው መጡና ወሰዷት። ቀያሾቹ ሲመጡ በሩ ክፍት ነበር፣ ውስጥ ግን ሰው የለም። «የለችም» ብለው አለፉ። መሬቱ ለባለርስቱ ሆነ። እሷ የት እንደደረሰች የሚያውቅ አልተገኘም።

እኔ ስጉ እናት ነኝ። ልጆቼ አድገው ዛሬም ቢዘገዩ መስኮት ሥር ነው የምቆመው፤ ይሄ አመል ከዚያ ዓመት ጀምሮ አልለቀቀኝም። አንዳንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ ምግብ ስሠራ፣ ስለ ራየን የማውቀው በአፌ ይመጣል። ጥሩ ክር እየመረጠች እንደምትደብቅ፣ ስትናደድ ቀኑን ሙሉ እንደምታኮርፍ፣ ሌላም ብዙ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውርቼው ግን አላውቅም። እንደነሱ ከሆነ ሕይወቱ የሚነገርለት ሞቶ የሚሸኝ ሰው ነው። ራየን መሞቷን ያየ የለም። ስለዚህ እዚህም የእናቷን ጻፍኩ እንጂ የሷን አልጨረስኩም።