የሽጉጥ ጥይት የጎረሰችው የሆሊስ ጠብመንጃ

ሆሊስ ፕሩት በሰባ አንድ ዓመቱ ቀኝ ትከሻው ቀዶ ጥገና ሲደረግለት፣ ሐኪሙ የከለከለው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ እንጨት መፍለጥና በትልቅ ጠብመንጃ መተኮስ። እንጨቱን በደስታ ተወው። እንዲያውም ሚስቱ ኦፓል እንደምትለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ይህን የሚከለክል ሐኪም ሲፈልግ ነው የኖረው። ጠብመንጃው ላይ ግን አኮረፈ። በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መሀል በተወሸቀችው በዚያች ከተማ፣ ቅዳሜ ጠዋት አሮጌው ድንጋይ መፍለጫ ሄዶ ኢላማ አለመተኮስ፣ ለሆሊስ በቁም ከዕድር መሰረዝ ነበር።

አርባ ዓመት በባቡር ጥገና ቤት የብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ነውና መላ አላጣም። ከአጎቱ የወረሳት፣ እጀታዋን ወደ ኋላ ስበው የሚያጎርሷት አሮጌ የወታደር ጠብመንጃ ነበረችው። እሷን የሽጉጥ ጥይት ላስለምዳት ነው አለ። የሽጉጥ ጥይት አጭርና ድብልብል ናት፤ ትከሻ አትረግጥም።

ይህን የሰማው ጓደኛው ቨርል፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«በሬ ጠምደህ የሽንኩርት መደብ ልታርስ ነዋ!»

«ሽንኩርቱ ሲደርስ ግን ደጄ እንዳትመጣ» አለው ሆሊስ።

በረዶው ሲወርድ ከጋራዡ አልወጣም። የድሮው በርሜል፣ ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ፣ ለወፍራሟ የሽጉጥ ጥይት ስለጠበበ ሌላ ገዝቶ በቶርኖ አስተካከለ። የጥይት ካዝናው ደግሞ ረጅም ጥይት የለመደ ነውና፣ አጭሯ ስትመጣለት አጋድሞ ያንቃታል። ሆሊስ እየሞረደ፣ እየሰደበ፣ ደግሞ እየሞረደ አግባባቸው።

«ሆሊስ፣ ያቺ ጠብመንጃ እኔ በሠርጌ ቀን ካገኘሁት የበለጠ እንክብካቤ አገኘች» ትለዋለች ኦፓል በበሩ ብቅ ብላ።

«አንቺ ዝገት የለብሽማ!» ይላል፤ ማሞገሱ ነው።

በረዶው እንደቀለጠ፣ ቅዳሜ ጠዋት ድንጋይ መፍለጫው ሄዶ በሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ በቆመ የኢላማ ወረቀት ላይ አምስት ጥይት ተኮሰ። አንዷ የወረቀቱን ጥግ ቀደደች። ሌላዋ የወረቀቱን ማቆሚያ እንጨት ነካች። የቀሩት ሦስቱ የት እንደገቡ የሚያውቀው ድንጋዩ ብቻ ነው።

«ጎበዝ!» አለ ቨርል። «ዙሪያውን ከበኸዋል። አሁን እጁን እንዲሰጥ ንገረው።»

ሆሊስ ቤቱ ገብቶ ጠብመንጃዋን ፈታታ። በርሜሉን አወጣ፣ አስተካከለ፣ መለሰ። የሚቀጥለው ቅዳሜም ያው ሆነ፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። ሾርባው ፊቱ እየቀዘቀዘ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ሲጀምር፣ ኦፓል በአራተኛው ቅዳሜ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ቀማችው።

«ዛሬ እኔ ነኝ የምነዳው። ባሌን የወሰደችብኝን ጉድ ልያት።»

ኦፓል ሠላሳ ዓመት በዚያ ዳገት፣ በረዶ ላይ የተማሪ አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። ከኋላዋ አርባ ልጅ ሲጮህ እንኳ መሪው በእጇ ውስጥ አይንቀጠቀጥም ነበር። ተኳሾች ጠብመንጃ የሚያስደግፉበት ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች፣ ሆሊስ አያያዙን አሳያት፣ አምስቴ ተኮሰች።

ቨርል ወረቀቱን ሊያመጣ ሄዶ ቆየ። ሲመለስ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። አምስቱም ቀዳዳ በአንድ የማርማላታ ቆርቆሮ ክዳን ይሸፈናል።

«ነፋሱ ቆሞላት ነው» አለ ሆሊስ።

«ቅጠል ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አልተነቃነቀም» አለ ቨርል።

«ጠብመንጃህ ደህና ናት» አለችው ኦፓል። «እስቲ አንተ ተኩስ፣ እኔ አንተን ልይ።»

ሆሊስ ተቀመጠ። ቃታው ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ አስቆመችው።

«አገጭህን ለምን ታነሳለህ?»

«መቼ አነሳሁ?»

«አሁን! ልክ መርፌ ሊወጉህ ሲሉ እንደምታደርገው።»

ኦፓል መዳፏን አናቱ ላይ አሳርፋ ቀስ አድርጋ ወደ ታች ገፋችው። የኢላማው ጥቁር ነጥብ፣ ወር ሙሉ እንደ ጭስ ሲዋልል የኖረው፣ ቁልጭ ብሎ ፊቱ ቆመ። ለካ አንገቱን ወደ ኋላ እየሰበረ፣ በባለ ሁለት ዕይታ መነጽሩ የታችኛው ክፍል፣ ጋዜጣ በሚያነብበት፣ ኢላማ ሲያነጣጥር ከርሟል።

«ትከሻዬ...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትረግጠኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር መሰለኝ።»

«መሰለኝ?» አለች ኦፓል፤ እጇን ግን ከአናቱ ላይ አላነሳችም።

ተኮሰ። እንደ እሷ አልሆነለትም፤ ሁሉም ግን ወረቀቱ መሀል አረፉ። አገጩ ላይ ያለው ሽበት እስኪነቃነቅ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የምትቀመጠው ኦፓል ሆነች። በመከር ወቅት በተደረገው ውድድር እሷ ሁለተኛ፣ ሆሊስ አራተኛ ወጡ። ሆሊስ ጠብመንጃዋ የኔ ናት ብሎ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራል፤ ኦፓልም እንዲወለውላት ትፈቅድለታለች። ለራሱ ሌላ ሊሠራ በርሜል ባዘዘ ሰሞን፣ ቨርል ጋራዡ በር ላይ ባርኔጣውን እያሻሸ ቆመ።

«የኔም ትከሻ እኮ... ፖስታ ቦርሳ ብዙ ዘመን ተሸክሟል» አለ።

ሆሊስ ቀና ብሎ በመነጽሩ በላይኛው ክፍል በደንብ አየውና፣ መጥረጊያ አቀበለው። «መጀመሪያ የብረት ፍርፋሪውን ጥረግልኝ» አለው። ቨርልም ጠረገ።