ያልተቆረጠው የወለቴ ሙዝ

ወለቴ ገጀራዋን ይዛ ወደ ማሳዋ ወጣች፤ ግን አልቆረጠችም፤ ገጀራውን የሙዙ ሥር አስቀመጠችው። ደላላው ዳምጤ ጠዋት ከከተማው ከሲቀላ ደውሎ ዋጋውን ነግሯት፣ «መኪናው መንገድ ላይ ነው፤ ቁረጡ» ብሎ ነበር። ጎረቤቷ ገነነ ተመሳሳይ ስልክ ደርሶት ወዲያው ቆረጠ። ጫኖ መንደር ላይ እንዲህ ነው፤ ደላላው ይደውላል፣ ገበሬው ይቆርጣል።

አምና እሷም ቆርጣ ነበር። መኪናው ሲደርስ ዳምጤ ክምሩን ገልመጥ አደረገና፣ «አዲስ አበባ ገበያው ወድቋል» ብሎ ዋጋውን ሰበረባት። መሬት ላይ የተጋደመ ሙዝ ይዛ ምን ትከራከር? ሰጠችው። በዚያው ዓመት ልጇ አርሴማ ኮሌጁን አቋርጣ ሴቻ ከተማ አንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆነች። ባሏ ካሳ አዲስ አበባ ሸማ ይሠራል፤ የሚልከው ሲኖረው ነው። የወለቴ እህት ሐዋሳ ፋብሪካ ገብታ ልብስ ትሰፋለች። ወንዱ ልጇ ኢያኤል የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሁሉም ደመወዝ ፍለጋ ከመሬት ሸሽቷል፤ ሲቸግረው ግን የሚደውለው ለዚህችው ማሳ ነው። አርሴማም ትናንት ደውላ፣ «እማ፣ ዘንድሮ ካልተመዘገብኩ ከእንግዲህ አይቀበሉኝም» ብላታለች።

ስልኳ ጮኸ። ኢያኤል ነበር።

«እማ፣ የዳምጤን አይሱዙ አሁን አለፍኩት። ግማሹ ባዶ ነው! የላይኞቹ ገበሬዎች ባለፈው ሳምንት ቆርጠው ጨርሰዋል። ሰውዬው ሙዝ የለውም፤ እንዳትቸኩይ።»

«አንተ መንገድህን እይ፤ እየነዳህ አታውራ!» አለችው።

መኪናው ሲደርስ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። የገነነ ሙዝ በቅጠል ተሸፍኖ መንገዱ ዳር ተከምሯል። ዳምጤ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ።

«ወለቴ! ምነው ሙዝሽ እንደቆመ? ለፎቶ ነው?»

«ዋጋህን ልስማ ብዬ ነው።»

«በስልክ ነግሬሽ የለ?»

«አምናም ነግረኸኝ ነበር።»

ጫኞቹ ሳቁ። ዳምጤ አልሳቀም። «ገበያው ወድቋል» አለና ከጠዋቱ ዝቅ ያለ ዋጋ ጠራ። ወለቴ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ገነነ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጋሞኛ ለመናት። «በሞቴ ወለቴ፣ ቁረጪ። አንቺ ካልጫንሽ መኪናው አይሞላም። ካልሞላ ትቶን ይሄዳል። ያንቺ ግንዱ ላይ ነው፤ የኔን ግን ፀሐይ እየበላው ነው።»

የገነነ ልጆች ከልጆቿ ጋር አንድ ቦይ ውስጥ እየተንቦራጨቁ ነው ያደጉት። መኪናው ቢሄድ በደሉ የዳምጤ ሳይሆን የእሷ ይባላል።

«ዳምጤ፣ መጀመሪያ የገነነን መዝን። በጠዋቱ ዋጋ። ብሩን እጁ ላይ ስጠው። ያኔ እኔም እቆርጣለሁ።»

«የገነነ ጠበቃ ሆነሻል?»

«ለእሱ የሰበርከውን ዋጋ ለኔ ልትጠግንልኝ ነው?»

«እንሂድ!» አለ ዳምጤ፤ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በሩን ደረገመው። ሞተሩ ተነሳ። ገነነ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ወለቴ «ቁም!» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። መኪናው አቧራውን እያስነሳ ሄደ፤ የቦዩ ድልድይ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ሹፌሩ ሲጮህ እስከ ማሳው ተሰማ። «በግማሽ ጭነት ነዳጁን ማን ይችለኛል? ወይ ሙላልኝ ወይ ሂሳቤን ዝጋና ውረድ!»

ዳምጤ ወረደ። ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ አወራ፣ ተቆጣ። ከዚያ መኪናውን ወደ ማሳው አስመልሶ ጫኞቹን ሳያይ፣ «ሚዛኑን አውርዱ» አለ።

ገነነ በጠዋቱ ዋጋ ብሩን ተቀብሎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ወደ ወለቴ ዞረ። አላመሰገናትም።

«ባይቆምስ ኖሮ?» አላት።

ገጀራዋን አነሳች፤ የመጀመሪያው ምት ሳተ።

መኪናው ሞልቶ ሲነሳ ዳምጤ በመስኮት ብቅ አለ። «ከዛሬ ወዲያ የኔን ስልክ አትጠብቂ» አላት።

ወለቴ የተቀበለችውን ብር ቆጥራ አርሴማ ጋ ደወለች። «ሂጂና ተመዝገቢ» አለቻት። ልጅቷ በደስታ ስትጮህ፣ እሷ ቀና ብላ ገና ያልሞሉትን ትንንሽ ዘለላዎች አየች። እነሱም ይደርሳሉ። ያን ጊዜ ማን እንደሚደውል ግን አታውቅም።