ማሽኑን ማን ነው የያዘው?

በነዳጁ ግርግር ዘመን በካናዳዋ ካልጋሪ መሃል ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ነበርኩ። ነዳጅ ፈላጊዎች የሚልኩልንን የከርሰ ምድር ዳታ ወደ ምስል እንቀይራለን። ሠራተኛው ሁሉ የተሻለ ከፋይ ፍለጋ ስለሚኮበልል አለቃችን ማንንም አያምንም።

አዲስ ሰርቨር መጣ። አንዱ ፕሮሰሰር እንደ ሁለት ሆኖ ይሠራል ተባለ። ፕሮግራሜ ግን ከአሮጌው ማሽን ይልቅ ዘገየ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ሁሉም ፕሮሰሰሮች ያለ እረፍት ሲሠሩ ይታያሉ።

አለቃዬ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ።

«ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። የእኛ ሥራ ግን አይወጣም። ታዲያ የማንን ነው የሚሠራው?»

የሌላ ድርጅት ዳታ ደብቄ የማስኬድ መስሎታል። «አላደረግኩትም» ብዬው ወጣሁ። ማሽኑ ውስጥ መግባት የምንችለው እኔና ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድሩት፣ ከከተማው ወጣ ካለችው ከቸስተርሚር የሚመላለሱት፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ብቻ ነን። እኔ ካልሆንኩ እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስልክ ባነሱ ቁጥር ጆሮዬን ጣል አደርግ ጀመር። አንድ ቀን በአጠገባቸው ሳልፍ ስክሪናቸው ላይ የነበረውን ቶሎ ቀየሩ። «ይኸው!» አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እውነቱን ንገረኝ። ምንድን ነው የምታስኬደው?»

«እኔ? እኔ እኮ እርስዎን ነበር የጠረጠርኩት!»

«በል አብረን እንየው» አሉ።

ከእኔ ፕሮግራም ሌላ ምንም አላገኘንም። ጋሼ ማሽኑን ሪስታርት አድርገው አንዱን እንደ ሁለት የሚያሠራውን ሴቲንግ አጠፉት። ፕሮግራሙ ፈጠነ።

ያኔ ኮዴን ከፈትኩ። ትሬድ የምንላቸው፣ ጎን ለጎን የሚሄዱት የፕሮግራሙ ሥራዎች፣ ዳታውን በተራ እንዲነኩ ሎክ፣ ማለትም መቆለፊያ፣ አድርጌበት ነበር። ተራ ጠባቂው ትሬድ ግን ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ «ተከፈተ? ተከፈተ?» እያለ ሳያቋርጥ ይጠይቃል። በአሮጌው ማሽን የራሱ ፕሮሰሰር ስለነበረው ማንንም አያውክም። እዚህ ግን ሎኩን ከያዘው ትሬድ ጋር አንድ ፕሮሰሰር ይጋራል፤ ሥራውን ጨርሶ እንዲለቅለት የሚጠብቀውን ያንኑ ትሬድ ጉልበቱን ይሻማዋል። ስክሪኑም ይህን ሁሉ ሥራ ብሎ ይቆጥረዋል።

ጠባቂው ትንሽ ጠይቆ እንዲተኛ፣ ሎኩ ሲለቀቅ እንዲቀሰቀስ አደረግኩ። ሴቲንጉን መልሰን ብናበራውም ሥራው ከቀድሞው ፈጥኖ ወጣ።

ለአለቃችን አብረን ገብተን አስረዳነው። «ጥሩ» አለ። በሳምንቱ ከሰርቨር ክፍሉ በር በላይ ካሜራ ተሰቀለ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩት። «ያልነው ገብቶት ይሆን?»

«አይመስለኝም» አልኩ።

በረዶው ሳይቀልጥ ሥራውን ለቀቅኩ። እሳቸው ቆዩ።